የሰኞ ፊርማ

ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ ልጄ ሁለት ካልሲ አንጠልጥላ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች፤ አንዱ በቀኝ እጇ፣ አንዱ በግራ። «እማዬ፣ እነዚህ ምን ቀለም ናቸው?» አለችኝ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቀለም መለየት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ የጨርቅ ቁርጥራጭ እያመጣሁ፣ ወለሉ ላይ እየዘረጋሁ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ደግሞ ጥያቄው የራሷ አለመሆኑ ያስታውቃል፤ የተላከ ሰው ፊት ነበር የያዘችው። ከኋላዋ፣ ኮሪደሩ ጥግ ላይ፣ የባሌ የተወለወለ ጫማ ጫፍ ይታየኛል። ሰውየው ትንፋሹን ውጦ መልሴን ይጠብቃል።

«የቀኙ ጥቁር ነው፣ የግራው ጥቁር ሰማያዊ። ጥንዶቻቸው ቅርጫቱ ውስጥ አሉልሽ» አልኳት። ጫማው ተንቀሳቀሰ። ባሌ አሁን ገና እንደደረሰ ሰው ብቅ አለና ካልሲዎቹን ከእጇ ወስዶ አምፖሉ ሥር ገልበጥ ገልበጥ አደረጋቸው። ልክ መሆኔን ሲያውቅ ፊቱ ላይ የታየው ደስታ አልነበረም። ብርጭቆ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ተሰንጥቆ ያገኘው ሰው ይመስል ነበር። «ሁለቱም ጥቁር ናቸው። አድርጊያቸውና ሂጂ፣ ይረፍድብሻል» አላት። ልጄ እሱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አንድ እግሯን ጥቁር፣ አንድ እግሯን ሰማያዊ አድርጋ ትምህርት ቤቷ ሄደች። እኔም አልተናገርኩም። በዚያ ጠዋት ያለኝን ቃል ሁሉ ለአራት ሰዓቱ ስብሰባ ቆጥቤ ነበር።

ሥራዬ በጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ማዛመድ ነው። ጨርቁ አንድ ዙር ተነክሮ ይወጣል፤ በሳምንቱ ሌላ ዙር ይነከራል፤ እኔ የሁለቱን ዙር ቁራጭ ጎን ለጎን አስቀምጬ «ተመሳስሏል» ወይም «ተመልሶ ይነከር» እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ሽማግሌው «ዓይኔ» እያሉ ስለሚጠሩኝ ሠራተኛው ሁሉ እንደዚያው ይጠራኛል፤ እናትና አባቴ ያወጡልኝን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። አሁን ሽማግሌው አልጋ ላይ ናቸው፤ ወንበሩን ልጃቸው ይዞታል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን ከኋላው ሲሆን ሁላችንም «ልጁ» ነው የምንለው። ከፊቱ ሲሆን «ጌታዬ» የማይል የለም።

ባሌም እዚያው ፋብሪካ የመዝገብ ጸሐፊ ነው፤ እኔ ያልኩትን ካርድ ላይ የሚሞላው እሱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እጄ ቀለም ስለሚነካና ካርድ ስለማቆሽሽ፣ ሰኞ ጠዋት እጄ ገና ንጹሕ ሳለ ሠላሳ ያህል ባዶ ካርድ ላይ ፈርሜ እሰጠዋለሁ። እሱ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ የወሰንኩትን እየጠየቀ ከፊርማዬ በላይ ይጽፍበታል። ከሽማግሌው ዘመን ጀምሮ እንዲህ ነበር። ባልና ሚስት ምን ይደባበቃሉ ተብሎ ነው፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ሞኝ በሉኝ፤ ከዛሬ በፊት ግን ሞኝ ያለኝ አልነበረም።

ሻይ ስንጠጣ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ በጣቱ ሲለቅም ቆየ። «ስብሰባው ላይ ረጋ በይ» አለኝ በመጨረሻ። «ለሥርዓቱ ያህል ነው። የሚሉሽን ሰምተሽ፣ ፈርመሽ ትወጫለሽ።»

«ምኑን ነው የምፈርመው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ከተጋባን ጀምሮ በአንድ አውቶቡስ ነው የምንሄደው፤ የዛሬን ግን ጉዳይ አለኝ ብሎ ቀድሞኝ ወጣ። እኔ ልቤ ደህና ነበር። ለዘበኞች ልብስ ስለሄደው ጨርቅ ያልኩት ካርዱ ላይ አለ፣ የጻፈው ባሌ ነው፣ ምን ያስፈራኛል እያልኩ ብርጭቆዎቹን አጥቤ ደፋኋቸው።

ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ፋብሪካው መንገድ ስታጠፍ አንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ዘበኛው ፀሐይ እየመታው ቆሟል። ሱሪው ሰማያዊ ነው። ኮቱ ወይን ጠጅ ነው። ያ ኮት ሰማያዊ መሆን የነበረበት የእኛው ሁለተኛ ዙር ነው፤ ፀሐይ ስታርፍበት ውስጡ የነበረውን ቅላት አወጣው። ቆሜ ስመለከተው «ምን ታያለሽ እህቴ?» አለኝ። ልብስህን አልኩት። «እይ፣ እይ፣ ምን ችግር አለው። የሰፈሩ ልጆች የማንን መጋረጃ ለብሰህ ነው ይሉኛል» አለና ኮቱን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገው። «ሲመሽ ግን ደህና ነው። አምፖል ሲበራ አንድ ይሆናል።» ዘበኛው በአንድ ወር ውስጥ ያወቀውን ነገር ፋብሪካችን ለማወቅ ስልክ እስኪደወልለት ጠበቀ።

ነገሩ ይህ ነው። ሁለት ጨርቅ አምፖል ሥር አንድ መስሎ ፀሐይ ላይ ሊለያይ ይችላል፤ ቀለም የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሽማግሌው «አምፖል አስታራቂ ነው፣ ፀሐይ ፈራጅ ናት» ይሉ ነበር። ስለዚህ ነው ጠረጴዛዬን ሰሜን በሚያየው መስኮት ሥር ያኖሩት፤ እዚያ ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ማታ ብዙ አይለዋወጥም። ልጁ ወንበሩን በያዘ በወሩ ያን ክፍል ወደደው። ዛፍ ያሳያል፣ አቧራ የለውም አለ። የእኔን ጠረጴዛ ኮሪደር ላይ ነጭ አምፖል ሥር አስወጥቶ የራሱን አስገባ፤ መስኮቱንም ወለሉ ድረስ በሚወርድ ወፍራም መጋረጃ ሸፈነው፣ ብርሃኑ ኮምፒውተሩ ላይ ያንጸባርቃል ብሎ። እኔ ከዚያ ወዲህ ቁራጮቼን በኪሴ ይዤ ግቢ እየወጣሁ ነበር የማየው። ዝናብ ሲሆን ሥራ አይኖርም።

ከሁለት ወር በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ የዘበኞቹን ጨርቅ ሁለተኛ ዙር ግቢ ይዤ ወጣሁ፤ ቀላ። ተመልሼ ለማቅለሚያው ኃላፊ «ተመልሶ ይነከር» አልኩት። ልጁ ሰምቶ ከቢሮው ወጣ፣ ሁለቱን ቁራጭ ኮሪደሩ አምፖል ሥር አጋጠማቸው፣ «አንድ ናቸው» አለ። የማቅለሚያው ኃላፊ «አንድ ናቸው» አለ። የሠራተኛ አስተዳደሯ ፊርማ ፈልጋ በዚያ ስታልፍ ቆም ብላ «እኔማ አንድ ነው የሚሆኑብኝ» አለች። ባሌ መዝገቡን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሞ ነበር፤ እሱ ዝም አለ፣ ዝም አይነቅዝም ብሎ። እኔ «ፀሐይ ላይ እዩት» አልኩ። ልጁም ሳቀና «ዘበኛ ደግሞ ፀሐይ ምን ያደርግለታል?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ቀኑን ሙሉ ከበር ውጭ ቆሞ የሚውለው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ ለባሌ «አልቀበልም ብለህ ጻፍ» ብዬው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ጨርቁ ግን በነጋታው ተጭኖ ሄደ።

የጥበቃ ድርጅቱ ባለቤት ጡረታ የወጣ የጦር መኮንን ነው። ባለፈው ሳምንት ሰዎቹን ፀሐይ ላይ አሰልፎ አይቶ ስልክ ደወለ። ጩኸቱ ከልጁ ስልክ አልፎ ኮሪደር ላይ ይሰማ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጨርቆቹ ተለያዩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ጋ የሚጠራው ደዋዩ ከተደወለለት ሲበልጥ ነው።

አራት ሰዓት ላይ የገባሁት እዚያው የድሮ ክፍሌ ውስጥ ነው። የጠረጴዛዬ እግር ሃያ ዓመት የቆመባቸው አራት ጉድጓዶች ወለሉ ላይ አሁንም አሉ፤ አንዱ የልጁ ወንበር ሥር ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። ልጁ ከመሐል፣ የማቅለሚያው ኃላፊና የሠራተኛ አስተዳደሯ በቀኝና በግራ፣ ባሌ ደግሞ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ሊይዝ ወረቀት ዘርግቶ። ለእኔ ያዘጋጁልኝ ወንበር ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው። ሁለቱ ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል፣ አምፖል ሥር፣ ወንድማማች መስለው።

ልጁ ተነሣና መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ሳበው። ያ ብርሃን ገባ። ሁለት ዓመት ያላየሁት ብርሃኔ ነው፤ ቢያስቅም ደስ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ አንዱ ቁራጭ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ፣ አንዱ ወይን ጠጅ ሆነ። «ይታይሻል?» አለኝ። ይህ ሰው የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ እግሩን እያወዛወዘ ይቀመጥ ነበር፤ አፍንጫውን በጨርቅ ቁራጭ ጠርጌለታለሁ፤ ቀለም በመስኮት እንጂ በአምፖል እንደማይታይ ያሳየሁትም እዚሁ ነው። ትምህርቱን አልረሳም ነበር ማለት ነው።

«ይታየኛል። ያን ጊዜም ታይቶኛል፤ አንተ ነህ አንድ ናቸው ያልከው» አልኩት።

የሠራተኛ አስተዳደሯ «አንተ» ማለቴን ሰምታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ጨርቁ ሳይሆን ቃሉ ነው ያስደነገጣት። ከዚያ ቁራጮቹን አንስታ በሐዘን አየቻቸው። «ውይ፣ ይሄማ እንዴት ያመልጣል? እኔ እንኳ ሙያው የሌለኝ ገና ስገባ ነው ያየሁት» አለች። የማቅለሚያው ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄን ዕውር በዳበሳ ይለየዋል። እኔ ያን ዕለትም ብዬ ነበር። እሷ ናት ምንም አይልም ያለችኝ፤ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ። ስምንት ዓመት ምሳ አብረን የበላን ሰው ነው። ሲምል ዓይኑን ጨርቁ ላይ ነበር የተከለው፤ እኔን ማየት ጨርቁን ከማየት ይከብድ ነበር መሰለኝ።

«ካርዱ ይምጣ» አልኩ። ይህን የምልበትን ጊዜ ስጠብቅ ነው ያደርኩት። ልጁ ከመሳቢያው አወጣና ወደ እኔ ገፋው። ታች ፊርማዬ አለ፣ ንጹሕ የሰኞ ፊርማ፣ አንዲት የቀለም ነጥብ የሌለባት። ከፊርማው በላይ «ሁለቱ ዙሮች ተመሳስለዋል፤ ይጫን» ይላል። ቀኑ የዚያ ሐሙስ ነው። ፊደሎቹ ንፋስ እንደገፋው ሣር ወደ አንድ ጎን ተደፍተዋል። ይህን የእጅ ጽሑፍ በየሳምንቱ የገበያ ዝርዝር ላይ አየዋለሁ፤ «ሳሙና» እና «ሽንኩርት» የሚልበት እጅ ነው። ጥግ ላይ ያለው እስክሪብቶ መጻፍ አቁሟል።

«ፊርማው የኔ ነው። ጽሑፉ የባሌ ነው» አልኩ። «ባዶ ካርድ ላይ እንደምፈርም እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ አልቀበልም ብለህ ጻፍ ነው ያልኩት።»

ልጁ ወደ ጥግ ዞረ። ቁጣ አልነበረውም፤ ትንሽ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር ያወጣው። «ጽሑፉ የማን ነው?» አለው። ባሌ ካርዱን አላየም። መስኮቱን፣ ዛፉን አየ። እኔም እሱን ሳየው ጠዋት ኮሪደሩ ውስጥ ለምን እንደቆመ ገባኝ፤ ዓይኗ ደክሟል ብሎ ራሱን ለማሳመን አንድ የተሳሳተ ካልሲ ብቻ ነበር የፈለገው። ያን እንኳ ከለከልኩት።

«ያን ዕለት እኔ ወረቀት ላድርስ ወጥቼ ነበር» አለ። «ራሷ ናት የሞላችው። ሲደክማት እንዲህ ወደ ጎን ትጽፋለች።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። የኔው ማስጣሉ ቀርቶ ለጅቡ በሩን ከፈተለት። ሲደክማት እንዲህ ትጽፋለች! ውሸቱ ብቻ ቢሆን ምናልባት እችለው ነበር። ግን ከጎኔ የተኛ ሰው ብቻ ሊያውቀው የሚችል ነገር አስመስሎ፣ በርኅራኄ ነው የተናገረው፤ የሠራተኛ አስተዳደሯም ለእሱ አዝና ራሷን ነቀነቀች። «ሁለታችንም አሁን እዚህ እንጻፍና ይታይ» አልኩ። ልጁም «እኛ ፖሊስ አይደለንም፣ ፋብሪካ ነን» አለና አንድ የተተየበ ወረቀት አቀረበልኝ። የዓይኔ ብርሃን በመድከሙ ስህተቱን የፈጸምኩ እኔ መሆኔን ይናገራል። ከፈረምኩ ጨርቅ ማጣጠፊያ ክፍል ተዛውሬ በዚሁ ደመወዝ ጡረታዬን እጠብቃለሁ፤ ካልፈረምኩ ዛሬውኑ እሰናበታለሁ፣ የሥራ ልምድ ወረቀቴም ላይ ምክንያቱ ይጻፋል። መኮንኑ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ፈልጓልና።

«አባትህ ይህን ያውቃሉ?» አልኩት።

«አባባ አሁን እኔንም አይለዩኝም» አለ፤ እስክሪብቶውንም ከፍቶ በእጄ አስያዘኝ። ማጣጠፊያ ክፍሉን አውቀዋለሁ። ሞቃት ነው፣ ሴቶቹ ጨዋታ ያውቃሉ፣ ወንበር አለ። የምፈርመው አንድ መስመር ነው። ባሌ ከጥጉ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ፤ ዓይኑ «ፈርሚ፣ በእናትሽ ፈርሚ» ይላል። ብፈርም እሱም ይገላገላል፤ ሁላችንም የምንስማማበት አንድ እውነት ይኖረናል፤ ቤታችን ገብተን እራታችንን እንበላለን። እስክሪብቶውን ዘጋሁትና ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት። «እኔ የምፈርመው ሰኞ ሰኞ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው» አልኩ። ስወጣ ከኋላዬ መጋረጃው ሲዘጋ ሰማሁ።

ቤት በዚያ ሰዓት ገብቼ አላውቅም። የቤቱ ፀሐይ በስድስት ሰዓት የት እንደሚያርፍ አሁን ነው ያወቅኩት፤ ሶፋው በአንድ ጎኑ ደብዝዟል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፣ ደግሞ ተነሥቼ ድንች ልጬ ጣድኩ። አሥር ሰዓት ላይ ልጄ በሩን በርግዳ ገባች፤ ለምን ቤት ተገኘሽ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። «እማዬ፣ ልክ ነበርሽ!» አለች እግሯን አንስታ እያሳየችኝ። «ክፍል ውስጥ ማንም አላየኝም። ሜዳ ስንወጣ ግን ሁሉም ሳቁብኝ። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው!» አቅፌ ያዝኳት። በዚያ ቀን ያየሁትን ያየ አንድ ሰው አገኘሁ። ከሥራ መውጣቴን ስነግራት ሰማችኝና «ግን እኮ ልክ ነሽ» አለችኝ እንደገና። ያ ቃል ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል በቂዬ ሆነ።

ባሌ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። በፌስታል መቀሴን፣ ማጉያ መነጽሬን፣ የሻይ ኩባያዬን ይዞልኝ መጥቷል፤ ኩባያው እንዳይሰበር በጋዜጣ ጠቅልሎታል። ፌስታሉን በሩ ሥር አስቀመጠና እጁን ታጥቦ ጠረጴዛ ቀረበ። ሾርባውን ቀዳሁ። ሲያጋምስ ቀና ሳይል ለልጄ «እናትሽ ዓይኗ ስለደከመ ከሥራ ወጥታለች» አላት። «አትጨነቂ። ትምህርትሽ አይቋረጥም፣ እኔ አለሁ። ብቻ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ደመወዝ አንድ መሆኑን እወቂ።»

ልጄ ማንኪያዋን አቆመች። እኔ ያን ጊዜ ማድረግ ያልነበረብኝን አደረግሁ። ልጅ እንዲህ ባለ ነገር መሐል አይገባም፤ አውቃለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ የነደደው አንጀቴ አልበርድ አለኝ። «ልጄ» አልኳት፣ «እግርሽ ላይ ያሉት ካልሲዎች ምን ቀለም ናቸው?»

ወደ እኔ አላየችም። አባቷን አየች። እሱ ዳቦውን ይቆርሳል፣ በጣም በዝግታ፣ ለሦስታችንም እኩል እኩል። የአምፖሉ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከጠረጴዛው በታች ምንም አይታይም። ፊቷ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የነበረውን ፊት ሆነ፣ የተላከ ሰው ፊት።

«ሁለቱም ጥቁር ናቸው» አለች። እግሮቿን ግን ወንበሩ ሥር ሰበሰበቻቸው።